ለእግሬ የታዘዘው ጓያ

ልጅ ሳለሁ መቀመጥ አልችልም ነበር። ማዕድ ቀርቦ ጥቂት ጎርሼ ሳልውጥ ተነሥቼ በር ላይ ነኝ። ውኃ ቅጂ ተብዬ ስላክ እንስራዬን ጉድጓዱ አፍ ላይ ትቼ የሚነዳ ከብት ተከትዬ እሄዳለሁ። ቁርአን ቤት ስቀመጥ ጉልበቴ ብቻውን ይዘላል፤ አስተማሪው በአለንጋ ሲነኩት ለጊዜው ያርፍና ሌላኛው ይጀምራል። ዛሬ ይህን ጠባይ ስም አውጥተውለት ኤዲኤችዲ ይሉታል። ያኔ ስሙ ቅብጥብጥነት ነበር፤ ሰው ሲቆጣ ደግሞ ጅን የነካት ይባላል።

ክፉ ልጅ አልነበርኩም። ያኔ ይህን የተናገረልኝ ሰው ስላልነበረ አሁን ራሴ እናገረዋለሁ። አልሰረቅሁም፣ አልዋሸሁም፣ ታናሽ ወንድሜን ዑመርን እንኳ አልመታሁም። እሮጥ ነበር፤ ጥፋቴ ይኸው ነው።

ቤታችን ወረታ ከተማ ከገበያው ጀርባ ነበር። አባቴ ሰይድ በደጁ ክፍል ጨርቅ ይሸጣል፤ እናቴ ራህመት ጨውና ቅመም በአህያ ጭና በየገበያው ትዞራለች። ወጥ ቤቱን የያዘችው የአባቴ እህት አክስቴ ዘምዘም ነበረች። አባቴ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ነገር ስሙ በማንም አፍ እንዳይነሣ ነው። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ነጋዴ ሆኖ ስሙ ባይነሣለት የሚመኝ ሰው አይፈረድበትም። እኔ ግን አስነሣሁት።

ቀበሌው ለበዓል የሕፃናት ሰልፍ ያለማምደን ነበር። ካኪ ለብሰን፣ እጃችንን እያወናጨፍን፣ ከአውራጃ በመጡ እንግዶች ፊት እናልፋለን። እኔ ከመሐል ሆኜ በደኅና ስራመድ ቆይቼ አንድ ትልቅ የፎገራ ወይፈን ገመዱን በጥሶ ወደ ሜዳው ሲሸሽ አየሁ። ሰልፉን ትቼ ተከተልሁት። ከኋላዬ የነበሩት ልጆች መታጠፊያው በዚያ በኩል መስሏቸው ተከተሉኝ። የሰልፉ ግማሽ እንግዶቹ ዓይን ሥር ወይፈን ሲያባርር ታየ።

በማግስቱ አባቴ ቀበሌ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ «ልጅህን አሰልፍ ብንልህ ሰልፉን በትና መጣች። ማነው እንዲህ አድርጊ ያላት?» ብሎ ጠየቀው። አባቴ ማንም እንዳላዘዘኝ ምሎ ተመለሰ። ትምህርት ቤትም መምህሩ «ተረጋግታ መቀመጥ እስክትችል አታምጧት» ብሎ መለሰኝ። ያን ዕለት አባቴ አልመታኝም፤ ሱቁን ዘግቶ ጨርቁ መሐል ተቀመጠ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ድሬሰር መኮንንን ያመጣችው አክስቴ ናት። ጦር ሠራዊት ውስጥ ቁስል ሲያክም የኖረ ነኝ ይላል፤ ከገበያው ማዶ በተከራየው ቤት መርፌ ይወጋል። ነጭ ጋዋኑን ገበያ ሲወጣ እንኳ አያወልቅም። ሕዝቡ ዶክተር ሲለው እሱም አያርምም። ቤታችን መጥቶ የዓይኔን ቆብ ገለጠ፣ ሆዴን ተጫነ፣ ጉልበቴ ሲዘል ቁጭ ብሎ ተመለከተ። እኔን አንድ ቃል አልጠየቀኝም።

«ደሟ ሞቃት ነው» አለ። «ወተት፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ስኳር፣ በርበሬ፤ ይኸ ሁሉ ደም ያሞቃል። ከዛሬ ጀምሮ እንዳይነካት።»

«ታዲያ ምን ትብላ?» አለች እናቴ።

«ጓያ። ቂጣውን፣ ንፍሮውን፣ ቆሎውን። ሌላ እህል አትቀላቅሉ። ጓያ እግር ላይ እንደሚከብድ እናንተ የፎገራ ሰዎች ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። የሷ በሽታ ያለው እግሯ ላይ ነው፤ ጓያው ያረጋዋል። አቅሟ እንዳይደክም ይችን ቀይ ቫይታሚን ጧት ጧት ትዋጥ።»

«ጓያ ሰው ይሰብር የለም እንዴ ዶክተር?»

«የሚሰብር እንፋሎቱ ነው። ከእንፋሎቱ አርቋት፤ በቃ።»

አገሩን ለማታውቁ ላስረዳችሁ። ጓያ አተር መሳይ ጥራጥሬ ነው። ክረምት ሜዳውን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ሲሸሽ በጥቁሩ አፈር ላይ በቀረችው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ሌላው እህል ሲከዳ እሱ አይከዳም። ነገር ግን በሜዳው ላይ ጓያ የሰበረው የሚባል ሰው አለ፤ እግሩ ደርቆ፣ ጉልበቱ ገጥሞ፣ በሁለት ምርኩዝ እየተጎተተ የሚሄድ። ያኔ ሰው ሁሉ የሚያምነው ድስቱ ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት መትቶት ነው ብሎ ነበር። ወይ ደግሞ ጤዛ ሳይረግፍ ማሳውን ተሻግሮ፣ ወይ ገለባው ላይ ተኝቶ። መብላቱን የሚጠረጥር አልነበረም፤ ሁሉም ይበላዋልና።

እናቴ አልወደደችውም። አባቴ ግን «ቀበሌ የተጠራሁት እኔ ነኝ» አለ፤ ክርክሩ በዚያው ተዘጋ።

ከጥምቀት ሰሞን ጀምሮ ጓያ በላሁ። አክስቴ ጥንቃቄዋ የሚያስደንቅ ነበር። ድስቱን ስትጥድ «ውጭ፣ ውጭ» እያለች ከቤት ታስወጣኛለች፤ እንፋሎቱ በበሩ ቢወጣ እንኳ እንዳያገኘኝ ከአጥሩ ማዶ ታቆመኛለች። አንድ ቀን ልመለስ ስል በማማሰያ አባርራኛለች። ድስቱ ወርዶ፣ ቀዝቅዞ፣ አንዲት ጭስ እንደማይወጣው ካረጋገጠች በኋላ ጠርታ ሰሐን ሙሉ ንፍሮ ትሰጠኝና እስክጨርስ አጠገቤ ትቀመጣለች። ጓሮ የታሰረች የፎገራ ላም ነበረችን። ዑመር ወተቱን እየጠጣ ከንፈሩ ላይ ነጭ ጢም አውጥቶ ፊቴ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ወንድሜን ጠላሁት።

ለወራት ለውጥ አልነበረም። ጓያዬን ቆርጥሜ መሮጤን ቀጠልሁ። ግንቦት ላይ ግን ባቴ ይቋጠርብኝ ጀመር። ጧት ስነሣ እግሬ አልጋው ላይ የቀረ ይመስለኛል። ደጃፉ ላይ መቀመጥ ጀመርሁ፤ ቤቱም ደስ አለው። «አልሐምዱሊላህ፤ ሰው ሆነች» አለች አክስቴ። ጎረቤቶች እየመጡ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ሆነች» ይላሉ። አባቴ ለድሬሰሩ ለሱሪ የሚሆን ጨርቅ ቆርጦ ወሰደለት። ባቴን እንደሚያመኝ ለአክስቴ ስነግራት ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ «እየሠራ ነዋ» አለችኝ።

አልተረጋጋሁም ነበር። ውስጤ እንደ ድሮው ይሮጣል፤ እምቢ ያለኝ እግሬ ነው። ያገሬ ሰው ልጅ ዝም ካለ የታመመ ሳይሆን የታረመ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ማንም ምን ሆነሻል ብሎ አልጠየቀኝም።

ሰኔ በገባ ሰሞን እናቴ ይፋግ ገበያ ልትሄድ ተነሣች። ትምህርት ቤት ስለማልሄድ ይዛኝ ወጣች፤ «ትንሽ ትፍታታ» አለች። ጎረቤታችን እትዬ አበበችም አህያዋን ጭና አብራን ነበረች። የወጣነው ገና ሲነጋ ነው። ማታ የዘነበው ዝናብ ጥቁሩን መሬት አርሶት ጭቃው ከእግር አልላቀቅ ይላል። እናቴና እትዬ አበበች ስለ በርበሬ ዋጋ እያወሩ ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላ የእናቴን አህያ ጭራ ይዤ እከተላለሁ። ከመያዣነት ይልቅ መጎተቻዬ እንደሆነ ለማንም አልተናገርሁም።

የርብ ወንዝ ድልድይ ሊታይ ሲል ሁለቱም ባቶቼ አንድ ጊዜ ጨመደዱኝ። ጣቶቼ ወደ ታች ተቆለመሙ፤ ጉልበቶቼ ተጋጠሙ። ጭራው ከእጄ ወጣ፤ በፊቴ ጭቃው ላይ ወደቅሁ።

«ተነሽ እንጅ» አለች እናቴ ዞራ። «ዛሬ ደግሞ ምን አማረሽ?»

ልነሣ ሞከርሁ። አንዱ እግሬ ሌላውን ጠለፈውና ተመልሼ ወደቅሁ። እናቴ የምጫወት መስሏት በንዴት ክንዴን ይዛ አቆመችኝ። ስትለቀኝ እግሮቼ እንደ መቀስ ተቆላልፈው በጣቶቼ ጫፍ ቆምሁ፤ ከዚያ ተንሸራተትሁ። ያን ጊዜ ፊቷ ተለወጠ።

«ከድጃ፤ እግርሽን ዘርጊው።»

«እምቢ አለኝ እማ።»

ገበያተኛው እያለፈ ይቆም ጀመር። አንዱ «ጓያ መትቷት ነው፤ ማሳ ተሻግራለች» ይላል። ሌላዋ «ገለባ ላይ አስተኝታችኋት ይሆናል» ትላለች። አንዲት ሴት ልጇን ከኔ አርቃ አሳለፈች። እናቴ እግሬን በሁለት እጇ እያሸች «ከእንፋሎቱ እንኳ አርቀናታል፤ ከእንፋሎቱ እንኳ» ትላለች፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም።

እትዬ አበበች አዝላኝ ድልድዩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር አስቀመጠችኝ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ሁለት ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው ነበር። አባ ደሴ ይባላሉ፤ ልጃቸው ከብት ሊሸጥ ይፋግ ወርዶ እሱን ይጠብቃሉ። ጓያ ከሰበራቸው ሰዎች አንዱ መሆናቸውን ለማወቅ እግራቸውን ማየት ይበቃል።

«እንዴት አደሩ አባባ» አለች እናቴ።

«እግዚሃር ይመስገን። ቅረቢ እስቲ፤ እግሯን ልየው።» ባቴን ጨበጥ አድርገው ለቀቁት። «ጓያ ነው። እኔንም እንዲሁ ነው ያደረገኝ፤ መንገድ ስሄድ ጣለኝ። የሰርግ ንፍሮ ሲቀቀል ድስቱ አጠገብ ቁሜ ነበር። እንፋሎቱ ነው።»

«እሷ እኮ እንፋሎቱ ዘንድ ደርሳ አታውቅም። ወላሂ። ድስቱ ሲጣድ ከቤት ነው የምናስወጣት።»

«ማሳስ አልተሻገረችም?»

«አልተሻገረች።»

«ገለባ ላይ?»

«እኛ ከተሜ ነን አባባ፤ ገለባ የት አግኝታ።»

ሽማግሌው ጢማቸውን ያዙ። «ታዲያ ከየት መጣባት?» አሉ።

እኔ የእናቴን ፊት እያየሁ ነበር። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰና ቆመ።

«አባባ፤ እርስዎ የተሰበሩበት ዓመት ምን ይበሉ ነበር?»

«ምን ይበላል? ጤፉን ጎርፍ ወስዶታል። ጓያ እንጅ ሌላ ምን ነበረ። ቂጣው ጓያ፣ ንፍሮው ጓያ፣ ወጡም ጓያ።»

«ከቤቱ እርስዎ ብቻ ነዎት የተሰበሩ?»

«ታናሽ ወንድሜም በዚያው ክረምት ተሰብሯል። እሱስ ሰርጉ ቤት አልነበረም» አሉና አቋረጡ። ይህን ነገር ከአፋቸው ሲወጣ የሰሙት ያን ጊዜ መሰለኝ። እናቴን አዩ፤ እናቴም እሳቸውን አየች። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ምርኩዞቻቸው አቀረቀሩ።

እናቴ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። አለቀሰች ብል ደስ ባለኝ፤ አላለቀሰችም። ተነሥታ የአህያዋን ጭነት ፈታች፤ ጨውና ቅመሙን ለእትዬ አበበች አስረከበች። «ገበያው ይቅርብኝ» አለች። እኔን አንሥታ አህያዋ ላይ አስቀመጠችኝ።

አባ ደሴ «ልጅት» አሉኝ ልንሄድ ስንል። «ሩጫ ትወጅ ነበር?»

«እወዳለሁ» አልኋቸው።

«እኔም እወድ ነበር» አሉ።

የመልሱ መንገድ አላልቅ አለ። እናቴ አህያዋን እየነዳች ከጎኔ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ በየመንገዱ «ልውረድ፤ አሁን ተሽሎኛል» እያልሁ እለምናለሁ። አንድ ጊዜ ፈቀደችልኝ። ወርጄ ኮርቻውን ይዤ በጣቶቼ ጫፍ ጥቂት ተራመድሁ፤ ከዚያ ራሴ መልሽኝ አልኋት። ፍርሃት የያዘኝ ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር።

«ሲያምሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ለአክስቴ ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለችሽ?»

«እየሠራ ነው አለችኝ።»

እናቴ አህያዋን በፍጥነት መንዳት ጀመረች፤ እስከ ወረታ ድረስም አላረፈችም።

ቤታችን አልሄድንም። በጭቃ እንደተለወስን በቀጥታ ድሬሰሩ ቤት ገባን። ደጁ አግዳሚ ላይ መርፌ የሚጠብቁ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዲት አሮጊት እጅጌያቸውን ጠቅልለው ክንዳቸውን አዘጋጅተዋል። እሱ ምድጃው ላይ መርፌውን እየቀቀለ ነበር። እናቴ ተሸክማኝ ገብታ ፊቱ አቆመችኝ፤ በብብቴ ሥር እንደያዘችኝ።

«ዶክተር፤ ይቺን ልጅ እስቲ ያስኪዷት።»

አጎንብሶ እግሬን አየ። ዓይኑ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ሲል አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ቀና አለና ፈገግ አለ።

«ደግ ምልክት ነው። ቅብጥብጡ ከእግሯ እየወጣ ነው፤ ሲወጣ ያደክማል። አሁን የቫይታሚን መርፌ እጨምርላታለሁ። ጓያውን እንዳታቋርጡ።»

ወሬው ሱቅ ደርሶ ኖሮ አባቴ እየሮጠ ገባ። እኔን አየ፣ ድሬሰሩን አየ። «ዶክተር ካለ እንግዲህ…» ብሎ ጀመረ።

«አንተ ዝም በል» አለች እናቴ። ባሏን እንዲህ ስትናገረው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ድሬሰሩ መርፌውን ሞልቶ ወደኔ ሲመጣ በመካከላችን ገባች፤ እኔንም ወደ ኋላዋ ገፋችኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። የድሬሰሩ ሚስት ጫጫታውን ሰምታ ሊጥ ባቦካው እጇ ከጓዳ ብቅ ብላ ነበር። የዋህ ሴት ናት፤ ምን እንደተፈጠረ አታውቅም።

«እኅቴ» አለቻት እናቴ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እናንተ ቤት ጓያ ይበላል?»

«እኛ? ኧረ አንበላም። ዶክተር ቤት አያስገባም። የሚበላውን ሰው እግር ይሰብራል ይላል።»

ምድጃው ላይ ውኃው ሲፈላ ይሰማል። ሴትየዋ የሰው ዓይን ሁሉ እሷ ላይ መሆኑን አይታ «ምነው?» አለች፤ ባሏ በዓይኑ ወደ ጓዳ መለሳት።

«ለከብትና ለድኻ ነው ያልሁት» አለ ድሬሰሩ። «በልኩ ሲሰጥ ሌላ ነው። አንች ምን ታውቂያለሽ? ሥራዬን በሰው ፊት ታዋርጃለሽ? ነገ ቀበሌ ትጠሪያለሽ።»

«ልጠራ። ይችን ተሸክሜ ነው የምመጣ። ሊቀ መንበሩም አሁን እንዴት እንደምትሰለፍ ያያታል።»

አሮጊቷ እጅጌያቸውን አወረዱና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ቀጥሎ የነበረው ሰውዬም ተነሣ። አባቴ ቆሞ ቀረ። በመጨረሻ መጥቶ አዘለኝ። ካደግሁ አዝሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ጧት ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ሲስተሯ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ ነካ ስታደርገው እግሬ ተወርውሮ ሊመታት ምንም አልቀረውም። ምን እንደምበላ ጠየቀች። እናቴ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት፤ እንፋሎቱን ጭምር። ሲስተሯ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ፍሬ ጓያ እንዳትቀምስ» አለች። «ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ እንጀራውን፣ ቤት ያፈራውን ሁሉ ስጧት።»

«እግሯ ይመለሳል?» አለ አባቴ።

«የባሰ እንዳይመጣ ነው የምንይዘው። የሄደው አይመለስም።»

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይህ ሁሉ ሆኖ አብራን የመጣችው አክስቴ ዘምዘም ከበሩ አጠገብ ሆና «ቅብጥብጥነቷስ ሲስተር? ለሱስ ምን ትብላለት?» ብላ ጠየቀች። ለዚህች ሴት ኋላ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ አፌን አልከፈትሁላትም። ሲስተሯ ቀና ብላ አየቻት። «ልጅ ናት» አለች። «ብትተዋት ትሮጥ ነበር።»

ያን ቀን ማታ ወተት ቀረበልኝ። ዑመር የራሱን ጣሳ ጨምሮ ሰጠኝ። አልጠጣም አልሁ፤ ማልቀስ የጀመርሁት ያኔ ነው።

እናቴን ቀበሌ አልጠራትም። ድሬሰሩ ክረምቱ ሳይወጣ ዕቃውን ጭኖ ሄደ፤ አንበሳሜ ገብቶ መርፌ መውጋቱን ቀጠለ ሲባል ሰማን። የያዘውም የነካውም ሰው የለም። ይቅር በይው የሚሉኝ አሉ። አላልሁትም፤ ልለውም አላሰብሁም። የገዛ ቤቱ ደፍ ያላሳለፈውን እህል ለኔ ሰሐን አዝዞልኛል።

መስከረም ላይ በምርኩዝ ትምህርት ቤት ተመለስሁ። ያው ያባረረኝ መምህር ከፊት ወንበር አስቀመጠኝ። ሳምንት ሳይሞላ ክፍሉ ሲንጫጫ ጥቁር ሰሌዳውን መታ መታ አድርጎ ዝም አሰኛቸው። ከዚያ ወደኔ ጠቆመ፤ «ከድጃን ተመልከቱ። አምና ምን እንደነበረች ታውቃላችሁ። ዛሬ እንዴት ተረጋግታ እንደምትቀመጥ እዩ። አጨብጭቡላት» አለ። ክፍሉ አጨበጨበ። የደርግ ዘመን ጭብጨባ ታውቃላችሁ፤ በአንድ ላይ የሚነሣና በአንድ ላይ የሚቆም። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዴስኩ በታች ምርኩዜን ጨምቄ ይዤ ነበር፤ ልወረውርበት አስቤ እናቴን አስታውሼ ተውሁት።

እንግዲህ አሁን ትልቅ ሴት ነኝ። ወረታ ውስጥ ሩዝ እነግዳለሁ። በአንድ ምርኩዝ፣ በጣቶቼ ጫፍ፣ እሄዳለሁ። ጠባዬ እንደነበረ ነው። ምሳ መሐል ብድግ እላለሁ፤ ሰው ሲያወራኝ ሌላ ነገር እጀምራለሁ፤ መጋዘኑን በቀን ስንት ጊዜ እንደምዞረው ሠራተኞቼን ጠይቋቸው። ያ ሁሉ ጓያ ቅብጥብጥነቴን ምንም አላደረገውም። የወሰደው እግሬን ብቻ ነው።

ይህን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ እንዲህ ያለ ልጅ በቤታችሁ እንዳለ ዐውቃለሁ። የሚሸጥላችሁም ሰው እንዳለ ዐውቃለሁ፤ የዓሣ ዘይቱን፣ እንክብሉን፣ ከውጭ መጣ የሚባለውን ዱቄት። ስኳር ከልክሉት፣ ወተት ከልክሉት፣ ስንዴ ከልክሉት የሚላችሁም አይጠፋም። ምግብ ልጅን አይረዳም አልልም። የተራበ ልጅ ሲጠግብ ልቡ ይሰበሰባል፤ ደም ያነሰውን ሐኪም መርምሮ የሚሰጠው ነገር ይጠቅመዋል። ይህን የሚክድ የለም። የምጠላው ሌላ ነው። ልጁን ምን ትፈልጋለህ፣ የት ያምሃል ሳይሉ ሰሐኑን ማዘዝ እጠላለሁ። ልጁ ዝም እንዲል የሚፈልገው ሰው ፍርሃቱን መድኃኒት ብሎ ሲጠራው እጠላለሁ። አባቴ ይወደኝ ነበር፤ ቀበሌውን ግን ይፈራ ነበር፤ ጓያውን የበላሁት ለፍርሃቱ ነው። ዛሬ ቀበሌው ባይኖር መምህሩ አለ፣ ጎረቤቱ አለ፣ ልጃችሁን ከሌላ ሰው ልጅ ጋር እያነጻጸረ የሚያሳፍራችሁ ዘመድ አለ። ፍርሃታችሁን ራሳችሁ ብሉት፤ ለልጅ አታቅርቡለት።

አንዳንድ ጊዜ ሩዝ ሊገዙ የሚመጡ ሰዎች ልጃቸውን ይዘው ይመጣሉ። ልጁ ጆንያ ላይ ቁጭ ብሏል፤ አይነካካም፣ አይጠይቅም። «ምግቡን ካስተካከልንለት ወዲህ እንዴት እንደረጋልን ብታይው» ይሉኛል፤ ፊታቸው በደስታ በርቷል። መልካም፤ እሰየው እላቸዋለሁ። ከዚያ ሚዛኔን አስቀምጬ በሩን ወለል አድርጌ እከፍትና አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። እስከ መንገዱ ድረስ ሩጥ በሉትና ልየው።